በጎንደር ጣሪያዎች ላይ ስለሚተከለው ሶላር፦ ለከተማችን አስተዳደርና ለኤሌክትሪክ አገልግሎት ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጎንደር፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለጎንደር ከተማ አስተዳደር፤
በከተማዋ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት የሥራ ኃላፊዎች፤
እንዲሁም ጉዳዩ ለሚመለከታችሁ የጎንደር ነዋሪዎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ በመኖሪያ ቤቶች ላይ የሚተከል የሶላር መሣሪያ በጽሑፍ መመሪያ እንዲመራ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

በከተማችን ከአዘዞ እስከ ማራኪ፣ ከፒያሳ ጀርባ ካሉት የተጠጋጉ ሰፈሮች እስከ አዳዲሶቹ የማኅበር ቤቶች ድረስ ቀና ብሎ ለሚመለከት ሰው፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሶላር ፓኔል ማየት ብርቅ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። አንዱ ቤት አንዲት አነስተኛ ፓኔል ሰቅሎ አምፖልና ስልክ ያንቀሳቅስበታል፤ ሌላው በርከት ያሉ ፓኔሎች ደርድሮ ቴሌቪዥኑንም ፍሪጁንም አዙሮበታል፤ ሦስተኛው ደግሞ ገንዘቡን ከፍሎ ካስተከለ በኋላ ባትሪው ሞቶበት ፓኔሉ ለጌጥ ቀርቷል። ሦስቱም የገዙት የሻጭን ቃልና የጎረቤትን ምክር ይዘው ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ሶላርን ለማወደስም ለማጣጣልም ሳይሆን፣ የከተማችን ሰው በገዛ ገንዘቡ እየሠራ ያለውን ነገር በትንሽ ወጪ ሥርዓት ልታስይዙት እንደምትችሉ ለማሳየትና ይህንኑ እንድታደርጉ ለመጠየቅ ነው። የኤሌክትሪክ ሥራ ሙያ አስተምራለሁ፤ የምሸጠው ዕቃ የለኝም። ሰዎች «ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?» ብለው ሲጠይቁኝ ግን የመልሱ ግማሽ እኔ ዘንድ ሳይሆን እናንተ ዘንድ ሆኖ አገኘዋለሁ።

አስቀድሜ ተፈጥሮ ከሰጠችን ልጀምር። ጎንደር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12.6 ዲግሪ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ከመስቀል ማግስት ጀምሮ ክረምቱ እስኪቃረብ ድረስ ሰማያችን በአብዛኛው ጥርት ብሎ እንደሚውል ሁሉም ያውቀዋል፤ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ግን የአየራችን ቀዝቀዝ ማለት ራሱ ትልቅ ሀብት መሆኑን ነው። ፓኔል የሚፈልገው ብርሃን እንጂ ሙቀት አይደለም። የፓኔሉ ሙቀት ከ25 ዲግሪ ሴልሺየስ አልፎ በጨመረ ቁጥር በእያንዳንዱ ዲግሪ ከኃይሉ ከ0.3 እስከ 0.4 ከመቶ የሚሆነውን ያጣል፤ ስለዚህ በመተማ ቆላ የተሰቀለ ፓኔል በተመሳሳይ ፀሐይ እኛ ዘንድ ደጋው ላይ ቢሰቀል የተሻለ ይሠራል። ይህ ጥቅም ግን ፓኔሉ ከጋለው ቆርቆሮ ጋር ተጣብቆ ሲመታ ከንቱ ይሆናል፤ ከሥሩ አየር የሚያልፍበት ቢያንስ የአንድ ስንዝር ክፍተት ያስፈልገዋል። አቅጣጫውም እንዲሁ በግምት አይሆንም። በእኛ ሰማይ ፀሐይ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ በቀትር ከአናታችን ወደ ሰሜን ታልፋለች፤ በቀሩት ወራት በደቡብ በኩል ትውላለች። በመሆኑም ለዓመቱ በጠቅላላ የሚሻለው ወደ ደቡብ ዞሮ ከ12 እስከ 15 ዲግሪ ብቻ ያዘነበለ ፓኔል ነው፤ ያችው ጥቂት ማዘንበል ዝናቡ አቧራውን አጥቦ እንዲወርድም ትረዳለች። ለጀርመን ሰማይ የተጻፈ መግለጫ አንብበው በ35 ዲግሪ ቀጥ አድርገው ያቆሙ ሰዎች አሉ፤ ያ ፓኔል የሚጠቅመው ለጎንደር ነፋስ ብቻ ነው።

«ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ፣ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም በእጃችን ገብቶ ሳለ የከተማ ሰው ሶላር ምን ያደርግለታል?» የሚል ጥያቄ በየቦታው ይነሳል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ግድቡን ከማሳነስ ጋር አይገናኝም። ኃይል ማመንጨት አንድ ሥራ ነው፤ ያንን ኃይል እስከ እያንዳንዱ ቆጣሪ ማድረስ ሌላ ሥራ ነው። ባለ 230 ኪሎቮልቱ መስመር ከባሕር ዳር ተነስቶ በጎንደር አልፎ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ይሻገራል፤ የአንድ ሰፈር መብራት ግን የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ትልቅ መስመር ምክንያት ሳይሆን፣ ከአቅሙ በላይ በተጫነ የሰፈር ትራንስፎርመር፣ በበሰበሰ የእንጨት ምሰሶ ወይም በክረምት ነፋስ ሽቦ ላይ በወደቀ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ነው። አባይ ላይ ያለው ተርባይን ይህን አይጠግነውም። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ሁለተኛው የብሔራዊ ኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. እስከ 2025 ለሁሉም ኤሌክትሪክ የማዳረስ ዕቅዱን 65 ከመቶ በዋናው መስመር፣ 35 ከመቶ ደግሞ ከመስመር ውጪ ባሉ አማራጮች አድርጎ ከፍሎት ነበር። በደምቢያና በወገራ ገጠሮች ኩራዝን የተካችው ትንሽ የሶላር ፋኖስ በሁለተኛው ወገን ትቆጠራለች። ቆጣሪ ያለው፣ ወርኃዊ ሒሳቡን የሚከፍል፣ ነገር ግን መብራቱ የሚመላለስበት የከተማ ቤት ግን በስሌቱ «ኤሌክትሪክ ያገኘ» ተብሎ ተመዝግቦ አብቅቷል። ዛሬ ሶላር እየገዛ ያለው ደግሞ በአብዛኛው ይኸው ቤት ነው፤ ሆኖም ማንም ስለ እርሱ አላሰበም።

እንግዲህ ይህ ቤት ሶላር ሲያስተከል ምን ያገኛል? ሻጮች ደጋግመው የሚናገሩትን «የመብራት ሒሳብ ይቀንሳል» የሚለውን ነገር በቅድሚያ ከመንገዱ ላይ ማንሳት እፈልጋለሁ። በአገራችን የኤሌክትሪክ ታሪፍ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ እየተሻሻለ ቢሆንም፣ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት አሁንም የሚከፍለው በዝቅተኛው እርከን ነው። በትንሽ ሶላር ሊተኩ የሚችሉት አምፖል፣ ስልክና ቴሌቪዥን ደግሞ ከሒሳቡ ላይ የሚይዙት ድርሻ ጥቂት ነው። ስለዚህ ከሒሳብ በሚተርፍ ገንዘብ የሶላሩን ዋጋ እመልሳለሁ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ባትሪው ቀድሞት ያረጃል። ሶላር ለጎንደር ቤት የሚሰጠው ጥቅም ሌላ ነው፤ መብራት በሌለበት ሰዓት መብራት እንዲኖር ማድረግ ነው። ተማሪ ማታ እንዲያጠና፣ ልብስ ሰፊው ያስቸኮለውን ሥራ እንዲጨርስ፣ ሕሙም ያለበት ቤት በሻማ እንዳያድር፣ ስልክ ሳይዘጋ እንዲያድር፣ የሱቁ ጀነሬተር ቤንዚን ፍለጋ ሰልፍ እንዳያስይዝ ያደርጋል። ይህ ዋጋው በብር የማይተመን አይደለም፤ ነገር ግን ቤቱ በወር ስንት ሰዓት መብራት እንደሚያጣ ካልታወቀ መተመን አይቻልም። ያንን የሚያውቀው የኤሌክትሪክ አገልግሎቱ መሥሪያ ቤት ነው፤ ወደዚህ በኋላ እመለሳለሁ።

ስሌቱን በአንድ መካከለኛ ቤት ላይ እንየው። ባለ 9 ዋት ስድስት አምፖሎች ለአምስት ሰዓት ቢበሩ 270 ዋት ሰዓት ይወስዳሉ፤ ባለ 60 ዋት ቴሌቪዥን ለአራት ሰዓት 240፤ አራት ስልኮች በጠቅላላ 60 ያህል፤ የኢንተርኔት ማሰራጫው ለአሥር ሰዓት 100። ድምሩ 670 ዋት ሰዓት ነው። ከሚመረተው ኃይል 30 ከመቶው በባትሪው፣ የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለቤት ዕቃ ወደሚሆነው በሚቀይረው ኢንቨርተርና በሽቦው ስለሚባክን ፓኔሉ በቀን ወደ 960 ዋት ሰዓት ማምረት አለበት። በኅዳር ወይም በጥር የቀኑ ብርሃን በጠቅላላ የአምስት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ያህል ነው ተብሎ ቢታሰብ 200 ዋት ፓኔል ይበቃዋል። ነገር ግን መብራት አጥብቆ የሚጠፋው በኅዳር ሳይሆን ነጎድጓድና ነፋስ ባለበት በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ፓኔልም የሚደክመው ያን ጊዜ ነው። ደመናው ጥቅጥቅ ብሎ በዋለበት ቀን ፓኔል ከሙሉ አቅሙ ከ10 እስከ 25 ከመቶ ብቻ ሊሰጥ ይችላል። በመሆኑም አስቦ የሚገዛ ሰው በቀን ሦስት ሰዓት ብቻ እንደሚያገኝ ቆጥሮ ወደ 320 ዋት ያስተክላል፤ በዚያም ላይ ሁለት ቀን በተከታታይ ከጨለመ ቴሌቪዥኑን ይተዋል። ይህ የሶላር ትልቁ ድክመት ነው፤ ማለትም በጣም በምንፈልገው ወቅት ነው በጣም የሚያንሰን። ባትሪ በመጨመር የተወሰነውን መሸፈን ይቻላል፤ ለሁለት ወር ደመና ሲባል ግን ለአሥሩ ወር የማያስፈልግ ባትሪ መግዛት አያዋጣም። ለዚህም ነው ሶላር ዋናውን መስመር የሚያግዝ እንጂ የሚተካ አይደለም የምለው።

ከዚህ ስሌት ውስጥ ሆን ብዬ ያስቀረሁት አንድ ዕቃ አለ፤ እርሱም ምጣድ ነው። በአንድ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። እትዬ ብዬ የምጠራቸው አንዲት እናት «ሁሉን ይችላል» ተብሎ የተሸጠላቸው መሣሪያ አልሠራ ብሏቸው አስጠሩኝ። ኢንቨርተሩ ላይ በደማቁ «3000 ዋት» ተብሎ ተጽፏል። ሊጡ ተቦክቷል፤ ምጣዱ ተሰክቷል። ሲያበሩት አምፖሎቹ ለቅጽበት ደብዘዝ ይላሉ፤ ኢንቨርተሩ ይጮኻል፤ ቀይ መብራት ያሳያል፤ ከዚያ ቤቱ ይጨልማል። ሽቦውን በእጄ ስነካው ለመያዝ እስኪያቅት ግሏል፤ ከባትሪው ጋር የተያያዘበት ላይ ያለው ላስቲክም ቀልጦ ተጨማዷል። ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፤ ያንን ከአንድ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ለማግኘት ወደ 300 አምፔር ይፈልጋል፤ የተገጠመላቸው ሽቦ ግን ከስክሪብቶ የቀጠነ ነበር። ሽቦው ወፍራም ቢሆን እንኳ ባለ 100 አምፔር ሰዓት የእርሳስ ባትሪ ዕድሜው ሳይቀጭ የሚሰጠው ግማሹን፣ ማለትም 600 ዋት ሰዓት ያህል ነው፤ ምጣዱ ይህን በአሥር ደቂቃ ይጨርሰዋል። ምጣዱ እስኪግል ባትሪው ስለሚያልቅ አንድ እንጀራ እንኳ አይጋገርም። ይህን ሳስረዳቸው «ልጄ፣ ታዲያ እንጀራ ካልጋገረ ምኑን መብራት ሆነ?» አሉኝ። የእርሳቸው ጥያቄ ከብዙ የቴክኒክ ወረቀት ይበልጣል፤ ምክንያቱም አንድ የጎንደር ቤት ከሚጠቀመው ኃይል ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ምጣድ ስለሆነና ያንን የሚሸከመው ዋናው መስመር ብቻ ስለሆነ ነው። ምጣድ፣ ምድጃ፣ ካውያና የውሃ ማሞቂያ በትንሽ ሶላር አይነኩም። ፍሪጅ ይቻላል፤ ግን ሞተሩ ሲነሳ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ስለሚስብ የተሻለ ኢንቨርተርና ቢያንስ እጥፍ ፓኔል ይጠይቃል። በነገራችን ላይ ገላ ለመታጠብ ለሚፈልግ ቤት ኤሌክትሪክ ሳያመነጭ ውሃን በቀጥታ የሚያሞቀው የሶላር ቦይለር ከፓኔል የተሻለ ምርጫ ነው፤ ችግሩ ጎንደር ላይ ከፀሐዩ ይልቅ ውሃው መጥፋቱ ነው።

ዋጋውን በተመለከተ ብዙ አልልም። ፓኔሉም ባትሪውም ከውጭ የሚመጣ ነው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር ሲያልፍ የሶላር ዋጋም አብሮ ወጣ። ገዢ ሊያውቀው የሚገባው የዕድሜ ልዩነታቸውን ነው። ደህና ፓኔል በዓመት ከኃይሉ ግማሽ ከመቶ ያህል ብቻ እየቀነሰ 25 ዓመት ይሠራል፤ የእርሳስ ባትሪ እንደ አያያዙ ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ነው። ስለዚህ በአንድ ፓኔል ዕድሜ ውስጥ ባትሪ ደጋግሞ ይገዛል። ሊቲየም ብረት ፎስፌት የተባለው ባትሪ ሲገዛ ውድ ነው፤ ነገር ግን ከአቅሙ ከ80 እስከ 90 ከመቶ የሚሆነውን ሳይጎዳ ስለሚሰጥና በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ተሞልቶ ስለሚራገፍ በአሥር ዓመት ስሌት የሚረክሰው እርሱ ነው። ገንዘብ በአንድ ጊዜ የሌለው ሰው ግን የአሥር ዓመት ስሌት ሊሠራ አይችልም፤ የሚገዛው ዛሬ እጁ የደረሰበትን ነው። የቁጠባና ብድር ተቋማት ለዚህ የሚሆን አነስተኛ ብድር ቢያመቻቹ ከሁሉ የሚጠቀመው ይኸው ሰው ነበር።

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ እስካሁን የጻፍኩት የገዢውን ትርፍና ኪሳራ ነው፤ ከዚህ በኋላ ያለው ግን የገዢው ብቻ አይደለም። አንድ ሰው ኢንቨርተር ገዝቶ በሁለት በኩል ሶኬት ያለው ሽቦ በማዘጋጀት ከግድግዳው ሶኬት ጋር ሲሰካው ቤቱ በሙሉ ይበራል። ቀላልና ርካሽ ዘዴ ስለሚመስል በየሰፈሩ ይሠራበታል። ሆኖም የቆጣሪው ብሬከር ካልወረደ ያ ኃይል በመጣበት መንገድ ወደ ውጪ መስመር ይወጣል፤ በሰፈሩ ትራንስፎርመር በኩል ሲያልፍም ቮልቴጁ ወደ ሺዎች ከፍ ይላል። መብራት ጠፍቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣው የእናንተ ሠራተኛ የሚነካው ሽቦ ያን ጊዜ ሙት አይደለም። ከዋናው መስመር ጋር ተጣምሮ እንዲሠራ የተመረተ ትክክለኛ ኢንቨርተር መስመሩ ሲቋረጥ ወዲያውኑ ራሱን የሚያጠፋው ለዚህ ነው፤ ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ባትሪ የሌለው እንዲህ ያለ ኢንቨርተር ገዝቶ፣ መብራት በጠፋ ቀን የእርሱም አብሮ ሲጠፋ ተታለልኩ ይላል። ባትሪ ላለው ቤት መፍትሔው በቤቱና በመስመሩ መካከል የሚገባ፣ ቤቱን ወይ ከመስመሩ ወይ ከሶላሩ ጋር ብቻ የሚያገናኝ የማዞሪያ ማብሪያ ማጥፊያ ነው፤ ከሶላሩ ጠቅላላ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ወጪው ኢምንት ነው። እስካሁን በየቤቱ ያልገባው ውድ ስለሆነ ሳይሆን አስገቡ ብሎ ያዘዘ ስለሌለ ነው።

ሌላው አደጋ እሳት ነው። ከመስመር የምናገኘው ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 100 ጊዜ ዜሮ ላይ ስለሚያልፍ በላላ ሽቦ ላይ የሚፈጠር ብልጭታ በአብዛኛው ራሱን ያጠፋል፤ ከፓኔልና ከባትሪ የሚመጣው ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ግን ዜሮ ስለሌለው ብልጭታው ሳይቋረጥ ሊነድ ይችላል። ለተራ የቤት ሽቦ የተሠራ ብሬከር እዚህ ላይ ኤሌክትሪኩን መቁረጥ ሊያቅተው ይችላል። ፓኔል ፀሐይ እስካለች ድረስ የሚያጠፋው ቁልፍ የለም፤ ቤት ተቃጥሎ ጣሪያ ላይ የሚወጣ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ይህን ማወቅ አለበት። በአንድ ክፍል የሚኖር ቤተሰብ ደግሞ የእርሳስ ባትሪውን የሚያስቀምጠው አልጋ ሥር ነው፤ ባትሪው ሲሞላ የሚያወጣው ሃይድሮጅን ጋዝ በትንሽ ብልጭታ የሚፈነዳ መሆኑን የነገረው የለም።

የሞተው ባትሪስ የት ይሄዳል? ቆራሌ ይገዛዋል። ከክብደቱ ከግማሽ በላይ እርሳስ ስለሆነ ጥሩ ዋጋ ያወጣል፤ የሚመዘነው ግን ባዶውን ስለሆነ አሲዱ ቀድሞ መፍሰስ አለበት። አንድ ግቢ ውስጥ ይህ ሲደረግ ቆሜ አይቻለሁ፤ ሰውየው ባትሪውን በፌሮ ሸንቁሮ አጥሩ ሥር ገለበጠው፤ አሲዱ አፈሩ ላይ እየፈላ ነጭ አረፋ አወጣ፤ ከአንድ ሜትር ያልራቀ ቦታ ላይ ልጆች ብይ ይጫወቱ ነበር። በሳምንቱ በዚያ ጥግ የነበረው ሣር ከሥሩ ተቃጥሎ ቢጫ ሆኗል። ከአሲዱ ጋር የሚወጣው የእርሳስ ዝቃጭ ዓመታት ቢያልፉ ከአፈር አይለቅም፤ በሕፃናት አእምሮ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ደግሞ የማይመለስ ነው። ዝናብ የሚያጥበው ሁሉ ወደ ቀሐና ወደ አንገረብ፣ ከዚያ ወደ መገጭ፣ በመገጭም ወደ ጣና ይወርዳል። ዛሬ የተሸጡት ባትሪዎች ጊዜያቸው ደርሶ በአንድነት መሞት ሲጀምሩ ይህ በየግቢው የሚሆን ነገር ይሆናል። «ንጹሕ ኃይል» የሚለው አባባል ትክክል የሚሆነው ለባትሪው መሄጃ ከተበጀለት ነው፤ ለእኔ ከሶላር ጉዳቶች ሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ የሚከፍለው ገዢው ስላልሆነ።

ከዚህ ጥቅም በር ላይ የቀሩም አሉ። በቀበሌ ቤት የሚኖር ሰው ጣሪያው የእርሱ አይደለም፤ ቆርቆሮ ለመብሳት ማንን እንደሚያስፈቅድ አያውቅም፤ አስተክሎም ነገ ልቀቅ ቢባል ነቅሎ መሄድ መቻሉን የሚያረጋግጥለት ወረቀት የለውም። በኮንዶሚኒየም ጣሪያው የጋራ ስለሆነ ቀድሞ የወጣው ይይዘዋል፤ የታችኛው ፎቅ ነዋሪ ይቀራል። ጎረቤቱ ፎቅ ሲሠራ ፓኔሉ ላይ ጥላ የወደቀበት ሰውም አቤት የሚልበት ቦታ የለም፤ በአንድ ፓኔል ጥግ ላይ የወደቀ ጥላ ደግሞ በተርታ የተያያዙትን ሁሉ ኃይል ሊጎትት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው የፋሲል ግቢ ዙሪያ ያሉ ቤቶች ጉዳይም መልስ ይፈልጋል፤ ከግንቡ ሰገነት ላይ ሆኖ የሚታይ ጣሪያ ምን ሊሰቀልበት እንደሚችል አስቀድሞ መናገር፣ ከተሰቀለ በኋላ አውርዱ ከማለት ይሻላል።

እንግዲህ የምጠይቀው የሚከተለውን ነው። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ስለ ኤሌክትሪክ ሥራና ስለ ሙያተኞች ብቃት አስቀድሞ ደንግጓል፤ አዲስ ሕግ እንዲወጣ አልጠየቅኩም። የምጠይቀው ሕጉ እስከ ጣሪያው እንዲወርድ ነው። ለዚህም በቀላል አማርኛ የተጻፈ፣ ከአንድ ገጽ ያልበለጠ መመሪያ አዘጋጅታችሁ በየቀበሌው ጽሕፈት ቤትና በየሒሳብ መክፈያው ቦታ እንድትለጥፉ፤ በውስጡም የማዞሪያ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ለቀጥተኛ ኤሌክትሪክ የተሠራ ብሬከር፣ የመሬት መስመር (የሚያመልጥ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርድ ሽቦ) እና አየር ያለው የባትሪ ቦታ ግዴታ እንዲሆኑ፤ የብቃት ማረጋገጫ ያላቸው ባለሙያዎች ዝርዝር ከጎኑ እንዲሰፍር እጠይቃለሁ። ዋናውን መስመር የሚነካ ማንኛውም ተከላ በመጠነኛ ክፍያ በአንድ ባለሙያ እንዲታይ ይደረግ። ክፍያው ከበዛ ሰው ይደብቀዋል፤ ስለዚህ መጠነኛ የሚለውን ቃል ከልቤ ነው የጻፍኩት። የሚተርፈውን ኃይል ለመስመሩ መስጠትና በሒሳብ ማቻቻል የሚቻል ከሆነ እንዴት እንደሆነ፣ የማይቻል ከሆነም እንደማይቻል በዚያው ገጽ ላይ ይጻፍ፤ «አይቻልም» የሚል ግልጽ መልስ ገዢውን ካላስፈላጊ ፓኔል ያድነዋልና።

ሻጭ የሆነ ሁሉ ከዕቃው ጋር የፓኔሉን እውነተኛ ዋት፣ የባትሪውን ዓይነትና የዋስትናውን ጊዜ የያዘ ፊርማና ማኅተም ያለበት ወረቀት እንዲሰጥ ይገደድ፤ መሣሪያው ምጣድ የማይችል ከሆነ ወረቀቱ «ምጣድ አይችልም» ይበል። አዲስ ባትሪ የሚሸጥ ሱቅ አሮጌውን አሲዱ ሳይፈስ ተቀብሎ ከዋጋው ላይ እንዲያስብለት፣ ከተማውም የተሰበሰበው የሚቆይበት ወለሉ የተለሰነና ጣሪያ ያለው አንድ መጋዘን እንዲያዘጋጅ እጠይቃለሁ። ለቀበሌ ቤት ተከራዮችና ለኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች የፈቃድ ጥያቄ የሚቀርብበት አንድ መስኮት ይወሰን።

የኤሌክትሪክ አገልግሎት ኃላፊዎችን ደግሞ ለብቻ የምጠይቀው አለኝ፤ በየሰፈሩ በየወሩ መብራት ስንት ሰዓት እንደተቋረጠ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ይፋ አድርጉልን። በወር ጥቂት ሰዓት ብቻ የሚያጣ ሰፈር ነዋሪ ሰንጠረዡን አይቶ ሁለት ሦስት ቻርጅ የሚደረጉ አምፖሎች ገዝቶ ገንዘቡን ለሌላ ጉዳይ ያውለዋል፤ ሌሊቱን ሙሉ የሚያጣው ደግሞ ምን ያህል ባትሪ እንደሚያስፈልገው አውቆ ይገዛል። ይህን ማድረግ ድክመትን ማጋለጥ መስሎ ሊታይ እንደሚችል አውቃለሁ፤ ሆኖም ነዋሪው መቋረጡን ከእናንተ ቀድሞ ያውቀዋል፤ የጎደለው ቁጥሩ ብቻ ነው።

የሶላር ገበያ የሚደምቀው ክረምት ሲቃረብ፣ በግንቦትና በሰኔ ነው። መመሪያው ከመጪው ሚያዝያ በፊት ቢወጣ በሚቀጥለው ክረምት የሚገዙት ሁሉ ይደርሱበታል። የአንድ ገጹን ረቂቅ ለማዘጋጀትም ሆነ የምትመድቡትን ባለሙያ በተግባር ለማሠልጠን ያለ ክፍያ ለመሥራት ፈቃደኛ ነኝ፤ በሙያው ያሉ ባልደረቦቼም እንደሚተባበሩ አምናለሁ። መልሳችሁን ለእኔ በግል ሳይሆን ለነዋሪው በሙሉ በማስታወቂያ ሰሌዳ እንድታደርጉት በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

የኤሌክትሪክ ሥራ ሙያ መምህር የሆነ የጎንደር ከተማ ነዋሪ